ሦስት ቀን ዝም ያለው የቦኬ ሰርቨር

«እኔ ነኝ ያስተካከልኩት! ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ አትለኝም እንዴ?» አሉኝ ኦቦ ጀማል ዛሬ በስልክ።

ኦቦ ጀማል የቦኬ ቅርንጫፋችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። እኔ ደግሞ ሰሞኑን የቅርንጫፎቻችንን ሰርቨሮች ሎግ፣ ማለትም በየሰዓቱ የሚመዘግቡትን፣ ጭሮ ከተማ ላይ ለመሰብሰብ እየሠራሁ ነው፤ አንዱ ሲታመም ቀድሜ እንዳውቅ።

የቦርደዴ ገባ። የአሰቦትም ገባ። የቦኬ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዝም!

«ኔትወርክ ነው» ብዬ ለአለቃዬ ማልኩ። (ኔትወርክ ላይ የማለ ማን ተሳስቶ ያውቃል?) እሱ ግን ሰርቨሩ ነገ ተነቅሎ አዲስ አበባ ይላክ አለ።

ዛሬ እልህ ያዘኝና ወደኋላ ሄጄ የጠዋቱን ሎግ ከፈትኩ። የቦኬ ሁሉ እዚያ ተከምሯል! ልክ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ። እኔ የማየው የመጨረሻውን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር።

ደወልኩ። «ኦቦ ጀማል፣ የሰርቨሩን ሰዓት የነካ ሰው አለ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አምስት ሲል አገኘሁታ! አሥራ አምስት ሰዓት የሚባል አለ?»

የእጅ ሰዓቴን ባየው እኔም የሞላሁት በሐበሻ ነው።

የሰርቨሩን ሰዓት ወደ ፈረንጁ መለስኩት፤ ሰርቨሩም ከቦኬ አይነቀልም። ገለቶማም ብያቸዋለሁ።

እናንተስ፣ ኔትወርክን በሐሰት የከሰሳችሁበት ቀን የለም? ዛሬ ይቅርታ የምንጠይቅበት ቀን ነው፤ እኔ ጀምሬያለሁ።