አብሽር የሚባል ሠራተኛ የለንም

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «በድቅድቅ ጨለማ፣ ውሻ እንኳ ሳይሰማኝ ወጣሁ» ይላል። እኔ ከመካነ ሰላም የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ግማሹ የወሎ ቦረና ሰው መናኸሪያ ቆሞ እያየኝ ነው። ውሻውም ሰምቶኛል፤ እንዲያውም እስከ አውቶቡሱ ደረጃ ድረስ ሸኝቶኛል። በረሃ አላቋረጥኩም፣ ጀልባ አልተገለበጠብኝም። ከእኔ በፊት ጀርመን የገባችው ባለቤቴ ጥሩዬ በቤተሰብ ማገናኘት አስጠርታኝ፣ ፓስፖርቴን በደረት ኪሴ፣ በሶዬን በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት። እንዲህ ያለ ስደት ለወሬ አይመችም። ስለዚህ እዚህም እዚያም ትንሽ ባጋንን በወንድምነት ቻሉኝ።

የስደቴን ጉድለት እናቴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሞላችው። አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሳ በመስኮቱ ሥር ቆማ ለተሳፋሪው ሁሉ፣ «አደራ ልጄን! ሐኪም ነው፤ ጀርመኖች ሐኪም አጥሯቸው ነው የሚሄድላቸው!» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበር የምሠራው። የሰው ካርድ ስፈልግ፣ ሳጣ፣ አዲስ ሳወጣ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ለእናቴ ግን ከጤና ጣቢያው በር ወዲያ ያለ ሁሉ ሐኪም ነው፤ ሳል የያዛት ጊዜ ዘበኛውንም አማክራዋለች። ያን ቀን «እማዬ፣ እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም» ልላት አፌን ከፈትኩ። አውቶቡሱ ሄደ። አፌን ዘጋሁ። ዓመታት አለፉ፣ አፌም እንደተዘጋ ቀረ።

ደሴ ሳንደርስ አጠገቤ የተቀመጡ የከላላ አዛውንት ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ «እስቲ ይችን እይልኝ ዶክተር» አሉኝ። አየሁ። ጉልበት ነው። ምን ልበል?

«አብሽሩ አባቴ» አልኳቸው።

አብሽር ለእኛ ለወሎዎች፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም፣ ሌላ የምንሰጠው ስናጣ የምንሰጣት ቃል ናት። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ነፍሳቸውን ይማርና አባቴም የንስሐ ልጆቻቸውን በአብሽር ነበር የሚያሰናብቱት። አዛውንቱ ጉልበታቸውን አጥፈው ዘረጉና፣ «ወላሂ ቀለለኝ» አሉ። እስከ ደሴ በእኔ ትከሻ ላይ አንኮራፉ። ሕክምና የጀመርኩት ያኔ ነው።

ጀርመንን በአንድ ቃል ግለጽልን ብትሉኝ፣ ተርሚን ነው። ቀጠሮ ማለት ነው። ግን እንደ እኛ «ከሰዓት በኋላ ብቅ በል» አይነት ቀጠሮ እንዳይመስላችሁ። ጸጉር ለመቆረጥ ተርሚን፣ ጓደኛ ለመጠየቅ ተርሚን፣ በረዶው ራሱ ተርሚን አስይዞ የሚወርድ ይመስለኛል። ብርድ መካነ ሰላምም አለ፤ የኛ ብርድ ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል። የዚህ አገር ብርድ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ እያየችው አያፍርም። ዳቦአቸው ጥቁርና ጠንካራ ነው፤ ከመበላቱ በፊት ምክር የሚያስፈልገው ዳቦ እዚህ ነው ያየሁት።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ በስልክ እየሳቅኩ ሳለ አከራያችን በሩን አንኳኳ።

«ሄር ይመር» አለኝ። ሄር ማለት አቶ ማለት ነው። «እሁድ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጸጥታ ነው። እንዲህ መሳቅ አይፈቀድም።»

«ማልቀስስ?»

አሰበበት። «በዝግታ ከሆነ ይቻላል» አለኝ።

ከዚያ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። እናቴ ይህን ስትሰማ ያሰማችው እልልታ ከስልኩ አልፎ ጆሮዬን ለሁለት ቀን አደንቁሮታል። ሐኪም ቀርቶ ነርስም አይደለሁም፤ የነርስ ረዳት ነኝ። ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አበላለሁ፣ ሽንት ቤት አደርሳለሁ፣ ሳይደርስ የቀረውንም አጸዳለሁ። ይህን የሚያደርግ ሰው እኛ አገር አስታማሚ ይባላል። ግን አስታማሚነት እኛ ዘንድ ሥራ አይደለም፤ ዝምድና ነው። አንድ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ሚስቱ፣ እህቱ፣ ጎረቤቱና ፔርሙሱ አብረውት ይተኛሉ፤ ዘበኛው በአንዱ በር ሲያስወጣቸው በሌላው ይገባሉ። እዚህ በሽተኛው የሚመጣው አንዲት ሻንጣና አንዲት የኢንሹራንስ ካርድ ይዞ ነው። የመጀመሪያ ቀን የክፍላችንን ኃላፊ ወይዘሮ ፔትራን ጠየቅኳት።

«የሰውዬው አስታማሚ የታለ?»

«ማን?»

«የሚያስታምመው ሰው።»

«አንተ ነሃ!» አለችኝ።

ማታ እናቴ ደውላ «ዛሬ ምን ሠራህ?» አለችኝ።

«አሥራ አራት ሰው አገላበጥኩ።»

«አሥራ አራት!» ብላ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ዘሃራ! ይመር ዛሬ ብቻውን አሥራ አራት ሰው ኦፕራሲዮን አደረገ!»

እትዬ ዘሃራ ከእናቴ ጋር አጥር የሚጋሩ፣ እኔንም በግማሽ ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ማሻአላህ፣ እጁን ይባርክለት» ሲሉ ሰማሁ። እኔም «አሜን» አልኩ። ምርቃት እንዴት ይመለሳል?

እንዲህ እያልኩ ስሠራ ሄር ብሩኖ የሚባሉ በሽተኛ ክፍላችን ገቡ። በጉልምስናቸው ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ያረጁትም እንደ ባቡር ነው፣ ከባድ፣ ጩኸታም፣ ከሐዲዳቸው የማይወጡ። ሲታጠቡ ይሳደባሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ጠያቂ የላቸውም። እኔ ጠዋት ስገባ «አብሽር»፣ ሳገላብጣቸው «አብሽር»፣ ሲሳደቡም «አብሽር» እላቸዋለሁ፤ በጀርመንኛ የምመልሰው ስድብ ገና አልተማርኩም ነበር። አንድ ቀን ምሳቸውን አምስተኛ ጊዜ ሲመልሱ ትዕግሥቴ አለቀ። ዳቦውን ቆረስኩ፣ ሾርባ ውስጥ ነከርኩ፣ በእጄ ጠቀለልኩና አፋቸው አጠገብ ወስጄ፣ «በሞቴ!» አልኳቸው። ሰውዬው ደንግጠው አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። እኔም አንዷ ጠብ ታመጣለች ብዬ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጨመርኩላቸው።

ወይዘሮ ፔትራ በር ላይ ቆማ አየችኝ። «ይመር! በባዶ እጅ? የንጽሕና ደንቡስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓንት አጎርሳቸው ጀመር። በዓለም ላይ በሰማያዊ የላስቲክ ጓንት ጉርሻ የሰጠ ሰው ከእኔ በፊት ካለ ይቅረብና እንጨባበጥ።

ሄር ብሩኖ ድነው ሲወጡ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፉ። ሆስፒታሉ ደግሞ በሽተኞች በርኅራኄያቸው የመረጧቸውን የነርስ ረዳቶች ይሸልማል። ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። መነጽር ያደረገች ሴትዮ ደብዳቤውን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«አብሽር የሚባል ሠራተኛ የለንም» አለችኝ። «እርስዎ ያውቁታል?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ይመር ነዎት።»

«ይመር ነኝ። አብሽር የምለው ግን እኔ ነኝ። በሽተኛው ስሜ መስሏቸው ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

አሰብኩ። «‹በርታ፣ እኔ አለሁ› ማለት ነው።»

ጻፈችው። «ታዲያ ይህ ርኅሩኅ ሰው እርስዎ ለመሆንዎ ማስረጃ አለዎት?»

ወይዘሮ ፔትራ መጥታ መሰከረችልኝ። የሽልማቱ ወረቀት ግን «ሄር አብሽር» ተብሎ ታትሞ ነበር፤ ስም ለማስለወጥ ደግሞ ተርሚን ያስፈልጋል፤ ተርሚኑም ከሽልማቱ በኋላ ነው። «እንዳለ ይሁን» አልኩ። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው በስም ስሕተት አይደነግጥም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። እትዬ ዘሃራ ናቸው የነገሩኝ። ሐኪሞቹ ደሴ ሄዳ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ከእንግዲህ አትቆምም፣ ተኝታ ትቀራለች ብለዋል። እሷ ግን እንቢ አለች። «ልጄ ሐኪም ነው፤ እሱ ካላለ ማንም ቢላ አያስነካኝም» ብላ አልጋዋን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች።

መጀመሪያ ልሂድ አልኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ገብቶ ስለነበር፣ ሳላወጣው ብሄድ መመለሻ የለኝም። የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ።

«እናቴ ወድቃ ተሰብራለች» አልኩት ሠራተኛውን።

«ተርሚን አለዎት?»

«እሷም ስትወድቅ አልያዘችም።»

«እንግዲያው በኢንተርኔት ይያዙ» አለኝና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። እትዬ ዘሃራ ስልኩን በእናቴ ጆሮ ላይ አደረጉላት።

«ዶክተር» አለችኝ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ምን ትላለህ? ልቆረጥ?»

ተቆረጪ ብላት ትሄዳለች። አንዲት ቃል ነች። ቀላል ነበር። ግን ሐኪም ነኝ ብዬ የእናቴን ዳሌ ላስቆርጥ? አንድ ነገር ብትሆንስ?

«እማዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«ምን አልክ?» አለችኝ።

«ሆኜም አላውቅም። እዚህ አስታማሚ ነኝ።»

«ማን ታሞብህ?»

«ማንም። የሰው ሰው ነው የማስታምም።»

«ዘመድ የላቸውም?»

«አላቸው። ሥራ ላይ ናቸው።»

መልሷን እየጠበቅኩ ያጠብኳቸውን ጀርባዎች ሁሉ ቆጠርኩ። በመጨረሻ፣ «ታጥባለህ?» አለችኝ።

«አጥባለሁ።»

«ታገላብጣለህ?»

«ያ አሥራ አራቱ እሱ ነው።»

«አንተ ውሸታም!» አለች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። «እንግዲያስ ሐኪሞቹን እሰማለሁ። ቀላሉን እነሱ ያደርጉታል። ከተቆረጥኩ በኋላ ግን እኔን የሚያገላብጠኝ ማን ነው?»

መልስ የነበራቸው እትዬ ዘሃራ ናቸው። ስልኩን ቀሟት። «አብሽር ይመርዬ፣ እኔ አለሁ» አሉኝ። ከብታቸውንና ቤታቸውን ትተው፣ ደሴ ድረስ ጎረቤት ሊያስታምሙ ለሚሄዱ የስድሳ ዓመት ሴት፣ የሽልማት ወረቀት የሚሰጥ ቢሮ እኛ ጋ የለም።

የሽልማቱ ቀን ኬክ ነበር፣ አበባም ነበር። ኃላፊው ስለ ርኅራኄ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሲጨርስ ሰዓቱን አየ። «ሄር አብሽር!» ተብዬ ተጨበጨበልኝ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ስልኬ ጠራ። ደሴ ነው። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልቋል፤ አሁን ማገላበጥ ነው የቀረው። ኮሪደር ላይ ወጣሁ።

«እትዬ፣ ትራስ በሁለት ጉልበቶቿ መካከል ያድርጉ። ትከሻዋንና ዳሌዋን አንድ ላይ፣ ወደ ጤነኛው ጎን። አይቸኩሉ። ጀርባዋን ይዩልኝ፣ የቀላ ቦታ አለ?»

«የለም አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ከኋላቸው የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ለጎረቤት አልጋ ነው የምትናገር። «ሐኪሙ ልጄ ነው። ከጀርመን በስልክ ነው የሚያክመኝ።»

«እማዬ! ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«ለእኔ ነው የነገርከኝ። ለእነሱ ምን አገባቸው?»

የጎረቤት አልጋ አስታማሚም ስልኩን ተቀበለችና እናቷን እንዴት እንደምታገላብጥ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ዶክተር፣ ዕድሜ ይስጥህ» አለችኝ። ከዚያ ስልኩ ለእናቴ ተመለሰ።

«ያ ተርሚን የምትለው» አለችኝ፣ «ለእኔስ መቼ ነው?»

«አብሽሪ እማዬ» አልኳት።

«አብሽሪህን ለፈረንጆቹ። ለእኔ የምትመጣበትን ቀን ንገረኝ።»

ከአዳራሹ አንዱ ብቅ ብሎ፣ «ሄር አብሽር፣ ፎቶ!» ብሎ ጠራኝ። እናቴ ስልኩን አልዘጋችም። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ቀኑን እየጠበቀች ነው።