ወደ ጎን የገፋው ጠላ

የማፈቅራትን ልጅ ከአባቷ እንዲለምኑልኝ የላክኋቸው ሽማግሌዎች መኪና አልነበራቸውምና፣ ከደንቡ ውጪ አጪው ራሴ ሹፌር ሆኜ በእስራኤል አገር ኮረብታ ላይ ወዳለችው ሰፈሯ፣ ወደ አፉላ ኢሊት፣ አወጣኋቸው፤ አብሬያቸውም ገባሁ።

አባቷ ጠላ ቢያቀርቡም ሽማግሌዎቹ እንደ ጎንደር ወግ፣ ልጅቷ ሳትፈቀድ ምንም አንቀምስም አሉ።

«መጽሐፍ ከማንበብ በቀር ሥራ ለማያውቅ ልጄን አልሰጥም!» አሉ አባቷ። አጪው መሆኔን ሳያውቁም ወደ እኔ ዞረው «በል አንተ ሹፌር፣ ለእኔ እንኳ ቅዳልኝ» አሉኝ።

ጠላው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ሞልቷል፤ ከግርጌው ያለው ቧንቧ ግን አልከፈት አለኝ። እኔም በሥነ ጽሑፍ በሠለጠነው አእምሮዬ «የፈሳሽ ክብደት ወደ ታች ነው፤ ወደ ጎን ምን ይገፋዋል?» ብዬ ተፈላሰፍሁና ቧንቧውን ከነሥሩ ፈትቼ ነቀልሁት።

ፈሳሽ በጥልቀቱ መጠን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚገፋ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጠላው እንደ ቀስት ተወርውሮ፣ ከፊት ለፊት ተቀምጠው «ልጅቷን ካልሰጡን አንቀም...» ይሉ ከነበሩት ከትልቁ ሽማግሌ፣ ከአባ ተገኘ፣ አፍ ገባ። አባ ተገኘ ደንግጠው ዋጡት።



«ቀመሱ!» አሉ አባቷ፣ ሳቃቸውን መግታት እያቃታቸው። «እንግዲህ ብከለክል ቃላቸውን ያስፈረስኋቸው እኔ ነኝ፤ የሽማግሌ እርግማን አልሸከምም፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። በሠርጉ ቀን ግን ጠላውን ሌላ ሰው ይቅዳ!»