ቡርማካን ፕሮሰሰር ስትመርጥ

ቡርማካን በቢሽኬክ ከተማ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ትሮሊባስ፣ ማለትም ከላይ ከተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ኃይል የሚያገኝ አውቶቡስ፣ ነድታለች። ትሮሊባሶቹ ከመንገድ በተነሱበት ዓመት እሷም ጡረታ ወጣች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እንደ ልቧ ተኛች። በሦስተኛው ወር ግን ሥራ መፍታቱ አላስቀምጥ አላት። መጋረጃ አጠበች፣ ቲማቲም በጠርሙስ አሸገች፣ የበረንዳውን ዝገት ፋቀች፤ አሁንም ቀኑ አልመሽ አለ።

ኦሽ ከተማ ያገባችው ልጇ ለጥየቃ መጥታ ይህን አየች። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣው የእናቷ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ትሮሊባስ የሚነዳበት ጌም ጫነችና፣ "አፓ፣ ትንሽ ይጫወቱበት" ብላ እናቷን ተሰናብታ ተመለሰች።

ቡርማካን መጀመሪያ ሳቀች። ሳምንት ሳይሞላት ግን ድስቱ ምድጃ ላይ ያርርባት ጀመር። ጌሙ የጎደለው ነገር የለም፤ ፌርማታው አለ፣ የሚያጉረመርሙት ተሳፋሪዎች አሉ፣ ከጣሪያው ተነስተው ሽቦውን የሚይዙት ሁለት ዘንጎችም አሉ። ችግሩ ገበያው አካባቢ ስትደርስ ነው። ስዕሉ ይቆራረጣል፤ ፍሬን ረግጣ ትሮሊባሱ እስኪቆም ድረስ ፌርማታው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ይገጫል። በሥራ ዘመኗ ድመት እንኳ ገጭታ ለማታውቅ ሴት ይህ የሚዋጥ አልነበረም።

ስለዚህ ለክረምት ካፖርት ያስቀመጠችውን ገንዘብ ይዛ የኮምፒዩተር ዕቃ ወደሚሸጥበት ሕንፃ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኤርሜክ የሚባል ፊቱ ክብ፣ ወሬ የማይሰለቸው ነጋዴ ተቀበላት።

"ለልጅ ልጅዎ ነው፣ ኤጄ?" አላት። ኤጄ ማለቱ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው።

"ለራሴ ነው። ጌሙ ይቆራረጥብኛል።"

ኤርሜክ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና ከመደርደሪያው ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ፣ የስክሪኑን ስዕል የሚስል ግራፊክስ ካርድ አወረደ። "ይኼን ካስገባሁልዎ ስክሪንዎ መስኮት ነው የሚመስልዎት።"

ካርዱ አማራት። ተከራከረች፣ አስቀነሰች፣ ኮምፒዩተሯን አምጥታ አስገጠመች።

ቤቷ ገብታ ስታየው በእርግጥ ሌላ ዓለም ሆኗል፤ የዛፉ ቅጠል አንድ በአንድ ይታያል፣ ዝናቡ አስፋልቱ ላይ ያብረቀርቃል። እንዲህ እያደነቀች ገበያው ጋ ደረሰች። ያው ነው። ተቆራረጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደብ ነበር። ቡርማካን ግን የተበላሸ ትሮሊባስ ለመካኒክ ስታስረክብ ምኑን፣ የትና መቼ እንደሚያመው መናገር የለመደች ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ሞከረች። መኪናና ሰው ከጎዳናው ስትቀንስ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ስትጨምር ይቆራረጣል። የስዕሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ዝቅ ብታደርገው ደግሞ ምንም አልተለወጠም።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒዩተሩን በገበያ ጋሪዋ ጭና ኤርሜክ ፊት ቆመች።

"ምነው ኤጄ፣ አልተስማማዎትም?"

"ስዕሉ ኩልል ብሏል። አሁን ተሳፋሪ የምገጨው ጥርት ባለ ስዕል ነው።"

ጎረቤቱ ነጋዴ ከት ብሎ ሳቀ። ኤርሜክ ቀላ አለ። "ይሄ ካርድ እኮ የሚታማ አይደለም።"

"እኔም አላማሁትም። ግን ንገረኝ፤ ካርዱ ስዕሉን ይስላል። ያ ሁሉ መኪና መቼ እንደሚዞር፣ ያ ሁሉ ሰው የት እንደሚወርድ የሚያስበው ማነው?"

ኤርሜክ ኮምፒዩተሩን ሰክቶ ጌሙን አስነሳ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ አወጣ። ገበያው ጋ ሲደርሱ ካርዱ በሠላሳ ከመቶ ተዝናንቶ ተቀምጧል። አሮጌው ፕሮሰሰር መቶ ላይ ተሰቅሎ ያቃስታል።

"የሚያስበው እሱ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ምን እንደሚጫወቱ ሳልጠይቅዎ ሸጥኩልዎ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

ካርዱን መልሶ ወሰደ። በምትኩ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ትንሽ ካርድ፣ ከዚያ ጋር ዕቃዎቹ በሚሰኩበት በዚያው ማዘርቦርዷ ላይ የሚገባ ጠንካራ ፕሮሰሰር ሰጣት። ሁለቱ ተደምረው ከመጀመሪያው ካርድ በታች ዋጋ አወጡ፤ ልዩነቱን ሲመልስላት በላዩ ላይ ሥጋ የተጠቀለለበት ትኩስ ሳምሳ ጨመረላት። ገጥሞ ሞከሩት። ትሮሊባሱ በገበያው መሃል አልፎ፣ ፌርማታው ላይ ቀስ ብሎ ቆመ፤ አንድም ሰው አልወደቀም። ቡርማካን ሳምሳዋን እያኘከች የትሮሊባሱን በር ለተሳፋሪዎቹ ከፈተችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ኤርሜክ ለመጣው ሁሉ መጀመሪያ "ምንድነው የምትጫወተው?" ይላል። ቡርማካንም ሐሙስ ሐሙስ ሱቁ ብቅ ማለት ለመደች። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ውድ ፕሮሰሰር ካልገዛሁ ብሎ ሲሟገት ደረሰች።

"ስክሪንህ ትልቅ ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"በጣም።"

"ጌሙስ? ሰው የሚበዛበት ነው?"

"አይ፣ ጫካ ነው። ብቻዬን ነው የምሄደው።"

"እንግዲያ ገንዘብህን ካርዱ ላይ አድርገው። ጫካ ውስጥ የሚወርድ ሰው የለም።"

ጎረምሳው ኤርሜክን አየው። ኤርሜክ ትከሻውን ነቀነቀና፣ "እሳቸው ካሉ አለቀ" አለ።

እሁድ እሁድ ደግሞ ከእሷ ጋር አብራ ትነዳ የነበረችው ራይሳ ቤቷ ትመጣለች። ባለፈው ራይሳ ጌሙ ውስጥ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ፈጥና ስትታጠፍ ዘንጎቹ ከሽቦው አመለጡባት።

"ኮምፒዩተርሽ ነው" አለች ራይሳ።

"ኮምፒዩተሩ ደህና ነው። አንቺ ድሮም እዚያ መታጠፊያ ላይ ትፈጥኛለሽ።"

"ማን አለ?"

"ያኔ ከኋላሽ ካለው ትሮሊባስ ወርዶ ዘንጉን ሽቦው ላይ ሲመልስልሽ የነበረው ማን ሆነና" አለች ቡርማካን፣ ሻይ እየጨመረችላት።