እኩል ሲመጣ ለታላቅ

ጦርነቱ የሚካሄደው አዳማ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ነበር፤ በሁለት ባዶ በርሜሎች ላይ በተጋደመ አሮጌ ቺፕውድ። ወታደሮቹ የጀሶ ናቸው። ጎረቤታችን የቤት ኮርኒስ የሚሠራ ሰው ነው፤ ጀሶ ሲተርፈው በትንሽ ቅርጽ ማውጫ እያፈሰሰ ጣት የሚያህሉ ወታደሮች ሠራልን። እኛ በእናቴ የጥፍር ቀለም ቀባናቸው። የእኔ ጦር ቀይ ሆነ፤ ቀለሙ ስላለቀ የመንታ ወንድሜ ጦር ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ሕጉን ከስልክ ላይ አንብበን ነው የተማርነው። ሁለት ወታደሮች ሲገናኙ ሁለታችንም ዳይስ እንጥላለን። ትልቅ ቁጥር ያመጣው ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ከሰሌዳው ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ እኩል ሲመጣ ነው። ሕጉ «እንደገና ጣሉ» ይላል፤ እኛ ግን እንደገና ስንጥልም ብዙ ጊዜ እኩል ይመጣብናል። ያኔ ወንድሜ «አስቀመጥከው እንጂ መቼ ጣልከው?» ይላል። እኔ «እጅህን እይ፣ አንተ ነህ የምታጭበረብረው» እላለሁ። ጀሶው ሊሰባበር ይደርሳል።

አንድ ቀን ጭቅጭቃችን የሰለቸው አባቴ፣ ሊጠግነው ከገባበት ከአይሱዙው ሥር በጀርባው እንደተኛ ፈረደልን።

«እኩል ከመጣ ለታላቅ ይሁን! ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም። በሉ አሁን ዝም በሉና ያቺን መፍቻ አቀብሉኝ።»

«ታላቁ ማነው አባባ?»

«እኔ በምን አውቄ? ስትወለዱ ሻሸመኔ ጭነት ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሁለት ሆናችሁ ጠበቃችሁኝ። እናታችሁን ጠይቁ።»

እናታችንን ከዚያ በፊትም ጠይቀናት እናውቃለን። መልሷ አንድ ነው፤ «አብራችሁ መጣችሁ፤ ከእኔ አፍ ሌላ አይወጣም።» ስትወልደን አጠገቧ የነበረችው አክስቷ ካረፈች ቆይታለች፤ ስለዚህ የሚያውቀው ሰው እሷ ብቻ ናት። የዚያን ቀን ልብስ እያሰጣች ነበር። ወንድሜ አንገቷን አቅፎ ሊያባብላት ሞከረ።

«እሺ ለጆሮዬ ብቻ ንገሪኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ሂድ ወዲያ! ታላቅነት የሚበላ ነገር መሰለህ?»

ስትጀምር እየሳቀች ነበር። ስትጨርስ ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

የአባቴ ሕግ በዚህ ምክንያት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እኩል በመጣ ቁጥር ሁለቱንም ወታደሮች አንድ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ እንመልሳቸዋለን፤ ጦርነቱም ይራዘማል። ያ ደስ ይለን ነበር። ማንም አይሞትም።

የዩኒቨርሲቲ ምደባችን በወጣ ሰሞን አባቴ መቂ ላይ ቲማቲም እያስጫነ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተሳሰረ። አይሱዙውን አንድ ወዳጁ አምጥቶ ደጃችን አቆመው። የአዳማ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሸራው እየተርገበገበ ይጮሃል፤ እናቴም ሰው የመጣ ይመስላትና ወደ በሩ ትዞራለች።

ማንም ባይናገረውም ነገሩ ገብቶን ነበር። አባቴ መኪናውን ለባዕድ ሹፌር እንደማይሰጥ ከድሮም እናውቃለን። ቤቱ የሚኖረው በዚያ መኪና ነው። ስለዚህ ከሁለታችን አንዱ ትምህርቱን ትቶ መሪውን ይይዛል። መንገዱንም እናውቀዋለን። ከአባቴ ጋር በሄድንባቸው ጊዜያት የተገለበጡ አይሱዙዎች አይተናል፤ ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተዘርግፎ፣ አባቴም ሬዲዮውን ዘግቶ ቀስ ብሎ ሲያልፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት የአባቴ ታላቅ ወንድም ከባቱ መጡ። አጎታችን ሲቆጡም ሲመርቁም ድምፃቸው አንድ ነው። ገና ሳይቀመጡ «ልጆቹ ውጭ ይሁኑ» አሉ። በረንዳው ላይ ሰሌዳችን አጠገብ ተቀመጥን። ሙቀት ስለነበር የሳሎኑ መስኮት ተከፍቷል።

ሰሌዳው ላይ የቀሩት ሁለቱ አዛዦች ብቻ ናቸው። የእኔ ቀይና የእሱ ነጭ፣ ድልድይ ባደረግነው የተሰበረ ማስመሪያ ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል።

«ምን ያከራክራል?» ይላሉ አጎታችን ከውስጥ። «ታላቁ መሪውን ይይዛል፤ ታናሹ ይማራል። አባታችን ሲሞት እኔስ ማን ጠየቀኝ? ማንኛው ነው? አንቺ ተናገሪ እንጂ።»

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» አለች እናቴ።

«እሱንማ ማን ካደ?»

ወንድሜ ዳይሱን ወደ እኔ ገፋው። «ጣል።»

«አሁን?»

«ተራህ ነው፤ ጣል።»

ጣልኩ፤ አራት መጣ። እሱም ጣለ። ዳይሱ ሰሌዳው ጠርዝ ድረስ ተንከባሎ ቆመ፤ አራት። እንደ ልማዳችን አዛዦቹን ወደ ኋላ ልመልስ እጄን ስዘረጋ አንጓዬን ያዘኝ።

«ዛሬ ወደ ኋላ የለም። በአባባ ሕግ ይሁን።»

«ታላቁን ማን ያውቃል?»

«እኔ ነኝ» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ የሚያየውም እኔን ሳይሆን መስኮቱን ነበር።

ውስጥ ንግግሩ ቆመ። እናቴ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ለጆሮዬ ብቻ ነግራኛለች» አለ። «አይደለም እማዬ?»

የነጠላዋን ጠርዝ ወደ አፏ ወሰደች። አዎም አላለች፣ አይደለምም አላለች። እሱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወለሉን። ወንድሜ ቀዩን አዛዥ ከድልድዩ ላይ አንስቶ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠው።

«ተሸንፈሃል ጌታው። ሂድና ተማር።»

«በቃ፣ አለቀ» አሉ አጎታችን። «ሰኞ ከእኔ ጋር ይወጣል። መንጃ ፈቃዱንም እናወጣለታለን።» አባቴ ከአልጋው አንድ ድምፅ አሰማ። ቃል ይሁን ለቅሶ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግቢዬ እዚሁ አዳማ ስለሆነ እሁድ እሁድ ቤት እሄዳለሁ። ወንድሜ ከባቱ፣ ከመቂ፣ አንዳንዴም ከሻሸመኔ ይጭናል። ስንገናኝ ፀሐይ ያከሰለውን ግራ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ «ታላቅህ ነኝ፤ አንቱ በለኝ» እያለ ይቀልዳል። ሰሌዳውን ግን አይነካውም። ነጩ አዛዥ አቧራ ለብሶ ድልድዩ ላይ ብቻውን ቆሟል። ቀዩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ባለፈው እሁድ በረንዳው ላይ ለፈተና እያነበብኩ ነፋስ ተነሳ። አቧራው መንገዱን ሸፈነው። ወንድሜ ለምሳ እደርሳለሁ ብሎ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ማዘቅዘቅ ጀምራለች። እናቴ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ከደጅ ተመለሰች።

«ታናሽህ ስልክ አያነሳም» አለች።

ምን እንዳለች ወዲያው አልታወቃትም። ሲታወቃት በርጩማው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያንኳኳል።

«እሱ ያውቃል?» አልኳት።

«አጎትህ ሊመጡ ሲሉ ለመነኝ። ነገርኩት።» ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሳችም። «እውነቱን ነው የነገርኩት። እንደዚያ ይላል ብዬ መች አሰብኩ? አይደለም ብል ደግሞ አንተ ልትሄድ ነው።»

እኔ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ሊቋረጥ ሲል አነሳው።

«አቤት ታናሼ! ምነው ስልኬን አቃጠላችሁት? ጎማ ፈንድቶብኝ ነው፤ ቆቃ አካባቢ ነኝ። ለእማዬ ጎማ እንዳትላት፣ የነዳጅ ወረፋ ነው በላት።»

ከጀርባው ሌሎች መኪኖች እየጮሁ ሲያልፉ ይሰማኛል።

«ስትመጣ ሰሌዳውን እናራግፈው» አልኩት። «ያ እኩል የመጣው እንደገና ይጣል። የስልኩ ሕግ የሚለው እንደዚያ ነው።»

ነፋሱ ብቻ ተሰማኝ፤ እኛ ጋ ያለው ነፋስ ይሁን እሱ ጋ ያለው መለየት አልቻልኩም።

«እማዬ ነገረችህ» አለ።

«አዎ።»

«ጨዋታው አልቋል» አለኝ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ጎማውን ልጨርስ፤ ሳይመሽ ልንቀሳቀስ።»

ዘጋው። እናቴ ምን አለ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። «ወረፋ ነው» አልኳት። ቀዩን አዛዥ ከቦርሳዬ አውጥቼ ድልድዩ ላይ በነጩ ፊት አቆምኩት፤ ዳይሱንም አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ከዚያ ከእናቴ ጋር ደጅ ወጥተን በአቧራው ውስጥ የሚመጣ የመኪና መብራት መጠበቅ ጀመርን።