እህቴ በአረብኛ የጸለየችልኝ ቀን

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ! ማይክ መያዝ አልለመድኩም፤ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብወጣ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዩኒቨርሲቲ አረብኛ ክፍል የገባሁት መርጬ ሳይሆን ተመድቤ ነው። እልኸኛ ነኝ፣ ያዝኩት። ጠዋት ሽምደዳ፣ ማታ ሽምደዳ! ሦስተኛ ዓመት ላይ ገና ደብተር ስከፍት እንባዬ ይመጣ ጀመር። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? "ጌታ ሆይ፣ ይህን ቋንቋ ከላዬ አንሣልኝ" ብዬ ጾም ያዝኩ። ለማንም ሳልናገር! በድካሜ ላይ ረሃብ ጨመርኩበት፣ በቃ፣ ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተዘረርኩ።

ጳውሎስ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ "ልጄ፣ ደምሽም ልብሽም ደህና ነው። አንቺ ያለቅሽው በድካም ነው። ብዪ፣ ተኚ፣ ደብተሩን ለጊዜው ተዪው" አለኝ። እኔ ግን ለጊዜው አልነበረም ያሰብኩት። የትምህርት ማቋረጫ ቅጹን ሞልቼ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ፤ በማግስቱ ላስገባው ነው።

ታላቅ እህቴን ታውቋታላችሁ። ስምንት ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። አረብኛ አስጠኚኝ ስላት፣ "የተሰደብኩበት ይበቃኛል፣ ተዪኝ!" ትለኝ ነበር። ያን ቀን ትራሴን ስታስተካክል ቅጹን አገኘችው። አልተቆጣችም። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ግንባሬ ላይ ጫነችና መጸለይ ጀመረች። በአረብኛ! ለካ እዚያ ሳለች በእረፍት ቀኗ ከሱዳን እህቶች ጋር ተደብቃ የምትጸልየው እንደዚያ ነበር።

"ጌታ ሆይ፣ ይህች ልጅ ደክሟታል፣ አሳርፋት" ስትል ሰማሁ። ወገኖች፣ ገባኝ! ያለ መዝገበ ቃላት፣ አንድም ቃል ሳይቀር ገባኝ! ሃሌሉያ! ሦስት ዓመት ለፈተና ስሸመድደው የኖርኩትን ቋንቋ፣ ሰው ሲያለቅስበት፣ ሰው ሲወደኝበት ገና ያን ቀን ሰማሁት። እሷም እንባዋን እየጠረገች፣ "ለካ ስድቡን ብቻ አይደለም ይዤ የመጣሁት" አለችኝ። ቅጹን አብረን ቀደድነው። ክብር ለጌታ ይሁን!

ወር ሙሉ አረፍኩ፤ በላሁ፣ ተኛሁ። ተመስገን፣ እንቅልፍም የእሱ ስጦታ ነው! ዛሬ አራተኛ ዓመት ነኝ። እሁድ ደብተር አልነካም። ሽንኩርት እየከተፍን ከእህቴ ጋር በአረብኛ እናወራለን፤ ስሳሳት እየሳቀች ታርመኛለች።

እኔ ውሰድልኝ ብዬ የለመንኩትን ጌታ በእህቴ አፍ መልሶ ሰጠኝ! ተማሪዎች፣ እንደ እኔ ድካማችሁን አትደብቁ። ለሐኪምም፣ ለቤተሰብም ንገሩ፤ ለጌታም ንገሩት፣ የዛለውን አይንቅም። አሁን ደክሞኛል የሚል ካለ ወደ ፊት ይምጣ፣ እህቴ ትጸልይለታለች። በአረብኛ ነው፤ አይዟችሁ፣ ጌታ አስተርጓሚ አይፈልግም።