በሕማማት የታሰረው ቅቤ

በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ፣ ይህን የሚጽፈው ሰው በመሐል ሜዳ ገበያ ዳር ሲያልፍ አንድ ፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ ለአንድ ሳፋ ቅቤ ጥላ ሲይዝለት አየ። ቅቤው በቁጥጥር ሥር የዋለ ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ጌታነሽ ሳፋውን አቅፈው ይሄዳሉ፤ ትዕዛዙ የሚባለው ይህ ፖሊስ አናቱን ፀሐይ እያቃጠለው ከጎናቸው ይራመዳል።

«ቢቀልጥ ማስረጃው ይበላሻል ብዬ ነው» አለ፣ ሰው ሲያየው አፍሮ።

«ይሁን ልጄ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉት።

ወይዘሮ ጌታነሽ የሞላሌ ገጠር ልጅ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በቅቤ ንግድ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ቅቤ ሲረክስ ከየገጠሩ ይሰበስባሉ፤ በቀዝቃዛ ውሃ እያጠቡ ያቆዩና ለፋሲካ ዋዜማ፣ ለቀዳም ሥዑር ገበያ ያወጡታል። የቤቱ የዓመት ቀለብ የሚገኘው ከዚያች ቀን ነው። ዘንድሮ ግን ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ገበያ ገባ ተባለና የቁጥጥር ኮሚቴ ተቋቋመ። የእሳቸውም ቅቤ «ከወትሮው ቢጫ ነው» ተብሎ ተያዘ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ይሥሐቅ ደብረ ብርሃን ሄዶ የሠለጠነ ወጣት ነው። መመርመሪያ መሣሪያ ገና ስላልመጣ ምርመራው በማየት፣ በማሽተትና በመቅመስ ይሆናል አለ። አዩት። አሸተቱት፤ ይሥሐቅም ካሸተተ በኋላ አማተበ። መቅመሱ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ከሳፋው አንድ እርምጃ ራቁ።

«አንተ ቅመሰው እንጂ፤ የሠለጠንከው አንተ ነህ» አለ ትዕዛዙ።

«እኔ የሠለጠንኩት በጥቅምት ነው!»

«የኮሚቴው ሹፌርስ?»

«ሹፌሩ ዲያቆን ነው፤ አታሹፍ።»

«እኔንም እንዳታዩኝ» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «ተከሳሽ ነኝ፤ ጾመኛም ነኝ።»

በመጨረሻ የመዝገብ ቤቷ ድመት ተጠራች። በአንድ ሳህን የወይዘሮ ጌታነሽ ቅቤ፣ በሌላው ከሌላ ነጋዴ የተያዘው ባለሙዝ ቅቤ ቀረበላት። የበላችው ንጹሕ ይባላል ተብሎ ስምምነት ተደረሰ። ድመቷ ሁለቱንም አሸተተች። በመሃላቸው ተቀመጠች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ከዚያ ጥቅልል ብላ ተኛች።

«እሷም ሕማማት ይዛለች እንዴ?» አለ ትዕዛዙ።

ይሥሐቅ ግን አልሳቀም። «ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋለች» አለና ብዙ አሰበ። ቅቤው እንዲለቀቅ ወሰነ፤ ኅብረተሰቡ ግን ጉዳዩን ማወቅ አለበት አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ጌታነሽ ሳፋቸውን ዘርግተው ገና ሳይደላደሉ የኮሚቴው የድምፅ ማጉያ ጮኸ፦ «የወይዘሮ ጌታነሽ ቅቤ ንጹሕ መሆኑ አልተረጋገጠም! አልተከለከለምም! ኅብረተሰቡ ራሱ ይወስን!»

ኅብረተሰቡም ወሰነ፤ ከጎናቸው ከምትሸጠው ከእታገኝ ዘንድ ተሰለፈ።

«እትዬ ጌታነሽ» አለች እታገኝ ቅቤ እየመዘነች፣ «ድመት የናቀውን ሰው ይገዛል ብለው ነው?»

«ድመቷ የማንንም አልነካችም። ያንቺን ቢያቀርቡላትም ትተኛ ነበር» አሉና «ተመስገን፣ ሳይበላሽ ተመልሶልኛል» እያሉ ዝንቡን እሽ አሉ። ረፋዱ ግን እያለፈ ነው፤ ከሳፋው ላይ አንድ ማንኪያ እንኳ አልጎደለም።

ያን ጊዜ ይህን የሚጽፈው ሰው ቄጤማውን በራሱ ላይ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በዚያ በኩል አለፈ።

«ወንድምዓለም!» ብለው ጠሩት። «አንተ ቅዳሴ የማታስታጉል ሰው መሆንህን አገር ያውቃል። እስከ ነገ ማንም አይቀምስልኝም፤ ማየት ግን አልተከለከለም። በሞቴ፣ ትንሽ ግዛኝና ሳትሸፍን ይዘህ ገበያውን ዙርልኝ። በእህል ተራም እለፍ፣ በበግ ተራም እለፍ። ከማን ገዛህ ሲሉህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ንገራቸው። ደግሞ አደራ፣ አትቸኩል።»