በአሥራ አራተኛው መስመር ያለች ነጥብ

ጋሽ ሽቦ በሆስፒታሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ገመድ ዘርግቷል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ብቻ ነው፤ ከሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኛ ሁሉም በቅጽል ስሙ ይጠራዋል። የትኛው ኮርኒስ ሲነካ አቧራ እንደሚያወርድ፣ የትኛው ግድግዳ ውስጥ የተረሳ ገመድ እንዳለ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ችግሩ፣ ይሄ ሁሉ እውቀት ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ መሆኑ ነው። የሠራውን ወረቀት ላይ አስፍር ሲባል «ይደርሳል» ይላል። ይቺ «ይደርሳል» ኋላ ጉድ ታፈላለች።

የራጅና የሌሎች ምርመራዎች ምስል ከአራቱም ሕንፃ ወደ አንድ ማዕከል ቶሎ እንዲደርስ አዲስ መስመር ሊዘረጋ ተወሰነ። የሥራው ኃላፊ ሆና የመጣችው ደግሞ የገዛ እህቱ ነች። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ የቤት ሥራዋን ያረመላት እሱ ነው፤ አባታቸው ታመው ቤት ሲውሉም ትምህርቱን ጥሎ ሥራ የገባው እሱ ነው። አሁን በፕሮጀክቱ ወረቀት ላይ «ኃላፊ» ከሚለው ጎን የእሷ ስም ተጽፏል። የእሱን ለማግኘት ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፣ ከአንገት በላይ።

በመጀመሪያው ስብሰባ እህቱ ከቦርሳዋ አንድ ውሃ ሰማያዊ ገመድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ አሥራ ሁለት የመስታወት ክሮች እንዳሉ፣ የሁሉም ጫፍ አውራ ጣት በማታክል አንድ ራስ ላይ እንደሚገጠም አስረዳች። አንድ አንዱን እየጎተቱ ጣሪያ ከመሙላት ፋብሪካው በልክ ቆርጦ፣ ራሱንም ገጥሞ የሚልከውን ይሄን ማዘዝ ይሻላል አለች። ከሕንፃ ሕንፃ ለሚሄደው ረጅም መንገድ ቢጫውን፣ ለየሕንፃው ውስጥ ሰማያዊውን መረጠች። ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሐኪም ጭራሽ አጨበጨበ።

ጋሽ ሽቦ አንጀቱ አረረ። ይህንኑ ነገር ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተናግሮት ነበር። ያኔ ዳይሬክተሩ ስልካቸውን እየነካኩ «እናስብበታለን» ነበር ያሉት። ለካ ሲያስቡበት የከረሙት እህቱ እስክትመጣ ነው።

እሑድ አባታቸው ቤት ሲሄድ ደግሞ የባሰው ጠበቀው። የሽማግሌው ኢንተርኔት ተቋርጧል። ጋሽ ሽቦ ከሸሚዝ ኪሱ መፍቻውን አውጥቶ ሊነሳ ሲል አባቱ በእጃቸው መለሱት።

«ተወው አንተ። ኢንጂነሯ ስትመጣ ታየዋለች።»

እሷን «ኢንጂነሯ» ነው የሚሏት፤ እሱን «አንተ»። ሃያ ሁለት ዓመት ገመድ የዘረጋ ሰው ቁጭ ብሎ እህቱን ጠበቀ። መጣች፤ ከሶኬቱ የተንሸራተተውን ገመድ በአንድ ጣት ገፋ አደረገችውና የኢንተርኔቱ መብራት ቦግ አለ። አባትየው ምርቃታቸውን አዘነቡት። ጋሽ ሽቦ አብሮ «አሜን» አለ፤ ምን ያድርግ? ቅናቱ ግን አብሮት ወደ ቤት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት እህቱ ከደረጃው ሥር ወዳለችው ጠባብ የሥራ ክፍሉ ወርዳ የገመዱን ማዘዣ ሰጠችው። ሐሙስ ጠዋት ወደ ፋብሪካው እንደሚላክ ነገረችው።

«ወንድምጋሼ፣ ካንተ ዓይን የሚያመልጥ ስለሌለ አንዴ እየው» አለች።

እሱ ወረቀት ሲያርም አንድ የቆየ ልማድ አለው። እርሳስ ይይዝና ያነበበው መስመር ጫፍ ላይ ሁሉ ነጥብ ያስቀምጣል። አንደኛው መስመር ነጥብ፣ ሁለተኛው ነጥብ፤ አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «ለምድር ቤቱ፣ አርባ ስምንት ገመድ፣ ጫፉ ወንዴ» ይላል።

የእነዚህ ገመዶች ራስ ሁለት ዓይነት ነው። ወንዴው የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ሁለት እሾሆች አሉት፤ ሴቴው እነሱን የሚቀበሉ ሁለት ቀዳዳዎች። አንዱ ከሌላው ጋር ካልሆነ አይገጥምም። በሆስፒታሉ የገመድ ፕላን ላይ የምድር ቤቱ መገናኛ ሳጥኖች ሴቴ ናቸው፤ እህቱም ያንን አይታ ወንዴ ገመድ አዘዘች። አልተሳሳተችም። ግን ከአራት ዓመት በፊት ቧንቧ ፈንድቶ ሳጥኖቹ ውሃ ሲገባባቸው ጋሽ ሽቦ በአዲስ ቀይሯቸው ነበር፤ አዲሶቹ ወንዴ ናቸው። ፕላኑን ያላስተካከለውም እሱው ነው። ይደርሳል ብሎ።

ይሄ ማዘዣ እንዳለ ከሄደ አርባ ስምንት ገመድ ይመጣና አንዱም አይገጥምም። በልክ የተቆረጠ ገመድ ደግሞ ፋብሪካ መልሶ አይወስድም። እህቱ ኃላፊ ሆና የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ እዚያው ያከትማል።

ጋሽ ሽቦ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ነጥቡን አስቀመጠና ወደ አሥራ አምስተኛው አለፈ። ሲጨርስ ይዞላት ወጣና «ጥሩ ነው» አላት።

ማክሰኞን በደስታ ዋለ፤ ክፉ ደስታ ነው፣ ግን ደስታ ነው። ገመዱ አልገጥም ብሎ፣ ዳይሬክተሩ ላብ በላብ ሆነው፣ ያ ያጨበጨበው ሐኪም አፉን ይዞ፣ ሁሉም ዞረው «ጋሽ ሽቦ፣ ምን ይሻላል?» ሲሉት ታየው። ረቡዕ ግን እህቱ ኮሪደር ውስጥ በርከክ ብላ ግድግዳ ስትለካ አያት። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታለች፣ ልክ በልጅነቷ ድምር ስትደምር እንደምታደርገው። ያን ቀን ምሳውን ሳይነካው መለሰው።

ሐሙስ ጠዋት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጥቶ ቢሮዋ ገባ።

«ያ ማዘዣ...» አለ እያለከለከ።

«አሁን ላክሁት።»

እህቱ መሳቢያዋን ከፍታ ያንኑ ወረቀት አወጣችና ገልብጣ ፊቱ አኖረችው። ከጀርባው በኩል ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ አንድ ቦታ፣ አሥራ አራተኛው መስመር ጫፍ ላይ ብቻ እርሳስ በስቶት ወጥቷል።

«የቤት ሥራዬን ስታርምልኝም ስህተት ስታይ እርሳሱን ትጫነው ነበር» አለች። «ይቺን ሳይ ምድር ቤት ወርጄ የሳጥኑን ክዳን ፈታሁ። ሰኞ ከሰዓት ነው ያወቅሁት ወንድምጋሼ። እስከ ዛሬ ያቆየሁት ትነግረኛለህ ብዬ ነው።»

ማዘዣውን አስተካክላ ነበር የላከችው። እሱ መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። እሷም ወደ ሥራዋ ዞረች።

እሑድ አባታቸው ቤት ተገናኙ። አባትየው እንደ ልማዳቸው «ኢንጂነሯ፣ ሥራው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። እህቱ ብርቱካን እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ አርባ ስምንት ገመድ ሊበላሽ ሲል ወንድምጋሼ ስህተቱን አይቶ አዳነኝ አለች።

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው በራ።

«የኔ ልጅ!» አሉት። «ድሮም አውቃለሁ። ያንተ ዓይን መች ይስታል!»

ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቆታል። አሁን መጣለትና ጆሮውን አቃጠለው። ወደ እህቱ አየ፤ ብርቱካኗን እየላጠች ነው።

«አይቼው ነበር አባዬ» አለ። «ግን አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

የእህቱ ቢላዋ ቆመ። ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ።

«አንተ...» አሉ። እህቱ የላጠችውን ብርቱካን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ለእሱ ሰጠችው።